በትንሽ ዕፅ ተከሶ ከቀጠሮው የቀረ ሰው

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው አንድ እየሆነ መጥቷል። ልጁ ከቻግኒ ሲመለስ ኬላ ላይ ተፈተሸ፤ ኪሱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለች ጥቂት ሀሺሽ ተገኘችበት፤ ጣቢያ አደረ፤ በዋስ ወጣ፤ ቀጠሮ ተሰጠው፤ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀረ። አሁን "ፖሊስ እየፈለገህ ነው" ስለተባለ ዘመድ ቤት ተሸሽጓል። የሚጽፉልኝ አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ታላላቅ እህቶች ናቸው። ልጁ ራሱ አይጽፍም። ጥያቄያቸውም "ስንት ዓመት ይፈረድበታል?" ነው።

ግልገል በለስ ተቀምጬ በጥብቅና የምተዳደር ሰው ነኝና የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍ። ከወዲሁ ግን ልናገር፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ከዕፁ ይልቅ ልጁን የሚጎዳው የቀረበት ቀን ነው። በዕፁ ላይ ለመከራከር ብዙ በር አለ። ከቀጠሮ ቀርቶ ለተሸሸገ ሰው ግን በሮቹ አንድ በአንድ ይዘጉበታል፤ አንዳንዱን በር የሚዘጋውም ራሱ ነው።

መጀመሪያ ክሱን እንይ። "ትንሽ ናት እኮ" የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ዕፅን የሚመለከተው በአንቀጽ 525 ነው። የአንቀጹ የመጀመሪያ ክፍል ያለ ፈቃድ የተከለውን፣ ያመረተውን፣ ያዘዋወረውን፣ የገዛውን፣ ያከማቸውን፣ ለሽያጭ ያቀረበውንና ያከፋፈለውን ሁሉ በአንድ ላይ ይደረድራል። ቅጣቱም ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ነው። "የገዛ" እና "ያዘዋወረ" የሚሉትን ልብ በሉ። ቻግኒ ላይ ለራሱ ትንሽ ገዝቶ ሚኒባስ የተሳፈረ ልጅ፣ ጠበቅ አድርጎ ለሚያነብ ዐቃቤ ሕግ፣ ገዝቷልም አዘዋውሯልም። ዕፅ መጠቀምን የሚመለከተው ክፍል ግን ለብቻው የተቀመጠ ነው። አንቀጹ "እስከዚህ ግራም ድረስ የተጠቃሚ ነው" ብሎ ልክ አላስቀመጠም። እኔ በግሌ ይህን የሕጉ ትልቅ ጉድለት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ልኩ ባለመጻፉ የልጁ ዕጣ በክስ አመሠራረቱና በዳኛው ሚዛን ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ "ስንት ዓመት?" ከማለታችሁ በፊት የክስ ማመልከቻውን ቅጂ ያዙና የትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደተጠቀሰ እዩ። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ይሄዳል። ልዩነቱን የሚወስኑት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ላይ ነበር የተጠቀለለው ወይስ ለሽያጭ እንዲመች ተከፋፍሎ? ገንዘብ አብሮ ተገኝቷል? ዕቃው ከኪሱ ነው የወጣው ወይስ ከሚኒባሱ መቀመጫ ሥር ካለ ባለቤቱ ካልታወቀ ሻንጣ? የተያዘውስ ነገር በእርግጥ የተከለከለው ዕፅ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል? ደግሞም ልጁ ጣቢያ ውስጥ ምን ብሎ ቃል ሰጠ? ያለመናገር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጻፈ ነው፤ ድንጋጤ የያዘው የ19 ዓመት ልጅ ግን "ለጓደኛዬ ላደርስለት ነው" ይልና ራሱን ከተጠቃሚ ወደ አቀባይ ያሸጋግራል። ብዙ መዝገብ የተበላሸው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚደረገው ግን ችሎት ፊት ቆሞ ነው። ከአጎት ጓዳ ሆኖ አይደረግም።

አሁን ወደ ቀጠሮው ልምጣ። ሰው የሚቀርበት የመጀመሪያው ምክንያት ጉዳዩ ያለቀ ስለሚመስለው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ዋስ ጠርቶ የወጣ ሰው ቤቱ ገብቶ በግ ሊያርድ ምንም አይቀረው። ያ ዋስትና የምርመራ ጊዜ ዋስትና ነው። ፖሊስ መዝገቡን አጠናቅሮ ለዐቃቤ ሕግ ይልካል፤ ዐቃቤ ሕግ ከወራት በኋላ ሊከስ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያው የሚሄደው በምርመራ ጊዜ ወደ ተመዘገበው ቀበሌ ነው። ልጁ በዚያ መሃል ለወርቅ ቁፋሮ ሄዷል፤ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ጉባ ወርዷል፤ ስልኩም ኔትወርክ የለውም። ሌላው ደግሞ መጥሪያውን በእጁ ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ ፈርቶ የቀረ ነው። እነዚህ ሁለቱ በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም።

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 160 እንደሚለው ተከሳሹ በቀጠሮው ካልቀረበ ዳኛው በቅድሚያ የሚያየው መጥሪያው በአግባቡ ደርሶት እንደሆነ ነው። ካልደረሰው እንደገና ይጠራል። ደርሶት ከቀረ ተይዞ እንዲቀርብ ትእዛዝ ይወጣል፤ ችሎት ውስጥ "ፖሊስ አስሮ ያቅርብ" ሲባል የምትሰሙት ይህ ነው። ፖሊስ ፈልጎ ካላገኘው ቀጣዩ ጥያቄ በሌለበት ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ አንቀጽ 161 ገደብ አስቀምጧል፤ አንዳንድ የመንግሥትን ገቢ የሚመለከቱ ወንጀሎች ካልሆኑ በስተቀር፣ በሌለበት የሚታየው ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ክስ ነው። በቀላል እስራት በሚያስቀጣ ክስ ሰው በሌለበት አይፈረድበትም። በ525 የመጀመሪያ ክፍል የተከሰሰ ከሆነ ግን የቅጣቱ ጣሪያ ስላልተጻፈ ዐቃቤ ሕግ "በሌለበት ይታይልኝ" ብሎ ሊከራከር ይችላል። ያን ጊዜ ማንም ሳይከራከርለት ምስክር ይሰማበታል፤ ይፈረድበታል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ማወቁን ተከትሎ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል፤ ግን መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደያዘው ማሳየት አለበት። "ፈርቼ ነው" የሚለው ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

በሌለበት በማይታየው ክስ ላይ ደግሞ ሰውን የሚያሳስት ነገር አለ። ፖሊስ በተደጋጋሚ አፈላልጎ አላገኘሁትም ሲል ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ይዘጋዋል። ይህን የሰማ ዘመድ ይደውልና "ተዘጋልን እኮ!" ይለኛል፤ ደስታው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ትእዛዙን እስከ መጨረሻው ያነበበለት የለም፤ መዝገቡ የተዘጋው ተከሳሹ በተገኘ ጊዜ ሊንቀሳቀስ ነው። የመያዣ ትእዛዙም እንዳለ ነው። በሁለተኛው ዓመት ኬላ ላይ ለሌላ ጉዳይ ሲፈተሽ፣ ወይም ከጎረቤት ተጣልቶ ጣቢያ ሲሄድ፣ ያ መዝገብ ብድግ ይላል። ዐረብ አገር ለመሄድ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ፍለጋ አሻራ ሊሰጥ ሄዶ እዚያው ቢያዝም የሚገርም አይደለም።

"ይርጋ የለውም ወይ?" ትሉኛላችሁ። አለው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 217 መሠረት ከ1 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ 3 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ቀላል እስራት ከሆነ 5 ዓመት ነው፤ ጽኑ እስራት ከሆነ እንደ ክብደቱ 10፣ 15፣ 20 ዓመት እያለ ይወጣል። ችግሩ ይርጋው እየተቋረጠ እንደገና ከዜሮ የሚጀምር መሆኑ ነው። ለክሱ ሲባል የሚወጣ መጥሪያም ሆነ የመያዣ ትእዛዝ ያቋርጠዋል። በሃያ ዓመቱ የተሸሸገ ልጅ ይርጋን እየቆጠረ ትዳር ሳይዝ፣ መታወቂያ ሳያድስ፣ ፈተና ሳይቀመጥ ሠላሳን ይሻገራል። በእኔ ግምት ይህ ከብዙ ቀላል እስራት የከፋ ቅጣት ነው፤ ዳኛ ያልፈረደው፣ ማብቂያውም ያልተነገረ።

ስለ ዋሱ ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም። በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። በአገራችን ተከሳሽ እንዳይጠፋ የሚደረገው ጥንቃቄ ረጅም ታሪክ አለው፤ በድሮው የቁራኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቶ የሰው ደመወዝ ገብቶበታል። የግልገል በለስ መምህር ወይም የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ለጎረቤት ልጅ ሲል ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ዋስ ይሆናል። ልጁ ሲቀር ፍርድ ቤቱ ዋሱን ጠርቶ "አቅርበው" ይለዋል። ማቅረብ ካልቻለ የዋስትናው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ ከወር ደመወዙ ይቆረጥበታል። ልጁ በተሸሸገበት ቤት ምሳ ሲቀርብለት ያ መምህር ለቤት ኪራይ ይበደራል። ደግሞም በዚያ ሰፈር ለሚቀጥለው ልጅ ዋስ የሚሆን አይገኝም። የሚሸሽገው ዘመድም ቢሆን ከነገሩ ውጭ አይደለም፤ በወንጀል የሚፈለግን ሰው እያወቁ መሸሸግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

እርግጥ የዞናችንን የመተከልን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። እዚህ ከቀጠሮ የቀረ ሁሉ ሸሽቶ የቀረ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር በነበረበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ ላይ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በተገደሉበት ሰሞን፣ ሰው ነፍሱን ይዞ ወደ ቻግኒ ነበር የሚሸሸው። ራንች በተባለው መጠለያ ያደረ ሰው የችሎት ቀጠሮ ቢያልፈው ማን ይፈርድበታል? መጥሪያው የሄደበት ቀበሌ ነዋሪው ተበትኗል። ከዚያም ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አልጠፋም። ሕጉ ለዚህ ቦታ አለው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ይባላል። ነገር ግን ዳኛው በልቡ ቢያውቀውም መዝገቡ ውስጥ ወረቀት መግባት አለበት። ተፈናቅሎ ከሆነ የተፈናቃይነት ማስረጃ፣ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ የወረዳው ወይም የቀበሌው ደብዳቤ፣ ታሞ ከሆነ የተኛበትን ቀን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ከቀጠሮው ቀን ጋር ይግጠም። "በዚያ ወር አካባቢ ታሞ ነበር" የሚል ወረቀት ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እሱ ምንም አያደርግላችሁም። የሰሊጥ አጨዳም በቂ ምክንያት አይደለም። ለቤተሰቡ እንጀራ ቢሆንም እንኳ ቀድሞ ቀርቦ ቀጠሮ ይለወጥልኝ ማለት ይቻል ነበር።

ሌላው የእኛ አካባቢ ጣጣ መዝገቡ የት እንዳለ አለማወቅ ነው። ዕፅ ማዘዋወር ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ውስጥ የተቆጠረ ወንጀል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይ በውክልና ያያሉ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 322 ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በአምስት ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተደንግጓል። ይህ ሁሉ ለእናንተ ያለው ትርጉም አንድ ነው፤ መዝገቡ ወረዳ ፍርድ ቤት ላይኖር ይችላል። ወረዳው ሄዳችሁ "እዚህ የለም" ስትባሉ ጠፋልን ብላችሁ አትመለሱ፤ ዞን ጠይቁ፤ ከዚያም ቢታጣ ጉዳዩ አሶሳ መሆኑን አጣሩ። አሶሳ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ቀላል እንዳልሆነ መተከል የኖረ ያውቀዋል፤ ዓባይ መሃል ላይ ነው፤ ሰው በወለጋ ወይም በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚዞረው። ስንቁንና የመኪናውን ገንዘብ ከቀጠሮው ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስቡት።

እንግዲህ ቀረ፤ ምን ያድርግ? ፖሊስ ሳይዘው በራሱ እግር ይቅረብ። መቅረብ ማለት ጠበቃ ባይኖረውም እንኳ የመዝገብ ቁጥሩን ይዞ ሬጅስትራር ሄዶ፣ ለምን እንደቀረ የሚገልጽ አጭር አቤቱታ ከማስረጃው ጋር አስገብቶ፣ መዝገቡ እንዲንቀሳቀስና የመያዣ ትእዛዙ እንዲነሳ መጠየቅ ነው። ከዋሱ ጋር ቢቀርብ ይበልጥ ጥሩ ነው። አቤቱታው እውነት ይሁን፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። "ክቡር ፍርድ ቤቱ" እያለ ስድስት ገጽ የሚለቀልቅ ራፖር ጸሐፊ አታስጽፉ።

የዋህ ተስፋ አልሰጣችሁም። በራሱ የቀረበም ቢሆን በዚያው ዕለት ሊታሰር ይችላል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልበትን ምክንያት ሲዘረዝር በቅድሚያ የሚያነሣው የዋስትና ግዴታውን ያከብራል ተብሎ የማይገመት ሰውን ነው። አንዴ የቀረ ሰው ይህን ግምት በገዛ እጁ ለዐቃቤ ሕግ ሰጥቶታል። ዳኛው የቀድሞውን ዋስትና ሊያጸናለት፣ መጠኑን ከፍ ሊያደርግበት ወይም ማረሚያ ቤት ሆኖ እንዲከራከር ሊያዝ ይችላል። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለው። ነገር ግን በካቴና የመጣንና በእግሩ የመጣን ሰው ዳኛ እኩል አያይም፤ ሕጉም እኩል አያይም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ ራሱን ለፍትሕ አካላት ማቅረብን ከቅጣት ማቅለያዎች ጋር ቆጥሮታል፤ የቀድሞ መልካም ጠባይም እዚያው አለ። ክሱ በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ልጁ ያለፈ ጥፋት ከሌለበት ቅጣቱ በገደብ እንዲታይለት መጠየቅ ይቻላል። ሸሽቶ የተያዘ ሰው ገደብ ሲጠይቅ የዳኛው ፊት ምን እንደሚመስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ሌላ ሰውም አለ፤ ጉዳይ ገዳዩ። "መዝገቡን አጠፋዋለሁ፣ ይሄን ያህል ብር አምጡ" የሚል። እናት በግ ሸጣ፣ ጥጃ ሸጣ ትሰጠዋለች። ብሩ ይጠፋል፤ መዝገቡ ቦታው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ የመዝገቡን ቁጥር ጠይቁት፤ አብዛኞቹ አያውቁትም።

ጠበቃ መክፈል የማይችል ሰው ለችሎቱ ይናገር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት አቅም የሌለው ተከሳሽ ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እዚያው አንቀጽ ላይ ለእኛ ዞን ትልቅ ትርጉም ያለው ሌላ መብት አለ፤ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ያገኛል። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የጉሙዝ ልጅ ዳኛውን አፍሮ "ገብቶኛል" ብሎ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይሰማ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ "ቀረ" ይባላል። ያልገባው ነገር ካለ "አስተርጓሚ ይምጣልኝ" ማለት ነውር አይደለም። ቀጠሮው ቀን ደግሞ በቃል አይያዝ፤ ከችሎት ሲወጡ ጸሐፊውን አስጽፎ መያዝ ነው።

በውጭ ያላችሁ ቤተሰቦችም ስለምታነቡ ሁለት መስመር ልጨምር። እዚህ ጫት የሚቃመው በአደባባይ ነው፤ እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፤ በሻንጣ ይዞ መሄድ እዚያ ወንጀል ነው። አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ያላገኘ ሰው በዕፅ ጉዳይ ከተፈረደበት ሊባረር ይችላል፤ በኢሚግሬሽን ሕጋቸው ለራስ ፍጆታ የተያዘ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ከመባረር ይተርፋል። እዚያም ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሰው የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል። "ቀላል ናት" ብላችሁ ጥፋተኛ ነኝ ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ይህን የምታነቢ እናት ወይም እህት ካለሽ ልጁን ዛሬ ማታ አስቀምጪውና መጥሪያውን አስፈልጊው፤ የመዝገብ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ሬጅስትራር በር ላይ ሁኑ፤ ዋስ የሆነለትን ሰውም አብራችሁ ጥሩት። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የልጁን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን ግን እዚህ አስተያየት ላይ አትጻፉ።